ጠበቃ ለሌላቸው የቆመ ክስ

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከኤል ሳልቫዶር የእርስ በርስ ጦርነት ሸሽቶ ካሊፎርኒያ ውስጥ በኢሚግሬሽን ሹማምንት እጅ የወደቀ ሰው፣ ዳኛ ፊት ከመቅረቡ በፊት አንድ ቅጽ ይቀርብለት ነበር። ቅጹ በገዛ ፈቃዱ ወደ አገሩ ለመመለስ መስማማቱን የሚገልጽ ነው። አልፈርምም ቢል ለረጅም ጊዜ እንደሚታሰር፣ መጨረሻውም ያው መባረር እንደሆነ ይነገረዋል። ጥገኝነት የመጠየቅ መብት እንዳለው የሚነግረው ግን አልነበረም። ብዙዎች ፈረሙ።

ለዚህ ያጋለጣቸው አንዱ ምክንያት ሕጉ ራሱ ነበር። በአሜሪካ በከባድ ወንጀል ለተከሰሰ ድሃ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። ከአገር እንዲወጣ የተከሰሰ ስደተኛ ግን ጉዳዩ እንደ ፍትሐ ብሔር ስለሚቆጠር ጠበቃ ማቆም ቢፈቀድለትም ወጪው የራሱ ነው። ሳህን አጥቦና ቤት ጠርጎ የሚያድር ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ክፍተቱን «ኖታሪዮ» ነን ባዮች ሞሉት። በላቲን አሜሪካ ኖታሪዮ ማለት ሕግ የተማረ የተከበረ ባለሙያ ሲሆን፣ በአሜሪካ ተመሳሳይ ስም ያለው ሰው በአብዛኛው ፊርማ ከማረጋገጥ ያለፈ ሥልጣን የለውም። በቃሉ የተታለለው ስደተኛ ያለውን ከፍሎ የተበላሸ ማመልከቻ ያስገባል። በአዲስ አበባ ፍርድ ቤት ደጃፍ የተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ ቢሳሳት አቤቱታው ይታረም ይሆናል፤ የነዚህኞቹ ስሕተት ግን ሰውን ወደሸሸው ጦርነት ይመልሳል።

ስለዚህ ስደተኞቹ ከወዳጆቻቸው ጋር ሆነው የራሳቸውን ቢሮ ከፈቱ። ካሬሰን በሚል አጽሕሮተ ቃል የታወቁት የመካከለኛው አሜሪካ ስደተኞች ማዕከላት በ1981 በዋሽንግተን፣ በ1983 ደግሞ በሎስ አንጀለስ ተቋቋሙ። ይሁን እንጂ በሚገባ የተዘጋጀ ማመልከቻም ቢሆን ብዙ አልፈየደም። በ1984 ጥገኝነት ከጠየቁ ሳልቫዶራውያን መካከል የተፈቀደላቸው ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞሉም ነበር። የሬጋን አስተዳደር የሳን ሳልቫዶርን መንግሥት ያስታጥቅ ስለነበር፣ ሸሽቶ የመጣውን «ተበድለሃል» ማለት ወዳጅን መክሰስ ነበር። በአንጻሩ ከደርግ ለሸሹ ኢትዮጵያውያን ከ1977 ጀምሮ ከመባረር ጊዜያዊ ከለላ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ሳልቫዶራውያን ይህንኑ ቢጠይቁ ተከለከሉ።

አንድ በአንድ የተሸነፉት በኅብረት መክሰስን መረጡ። ስለ ቅጹ በ1982 የተጀመረው የኦራንቴስ ኤርናንዴስ ክስ በ1988 እልባት አገኘ። ዳኛ ዴቪድ ኬንዮን ፊርማው በማስፈራራት ይወሰድ እንደነበር አረጋግጠው፣ ለተያዘው ሰው መብቱ እንዲነገረው፣ የነጻ የሕግ አገልግሎት ሰጪዎች ዝርዝር እንዲሰጠው፣ ስልክም እንዲያገኝ አዘዙ። ከዚህ የሰፋው ሁለተኛው ክስ ነው። አብያተ ክርስቲያናትና የስደተኛ ድርጅቶች በ1985 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ያቀረቡት ይህ ክስ በጥር 1991 በስምምነት ተቋጨ። መንግሥት የሳልቫዶራውያንንና የጓቲማላውያንን የጥገኝነት ጥያቄ እንደ አዲስ ሊሰማ፣ በውሳኔውም የውጭ ፖሊሲን ላያስገባ ግዴታ ገባ። ተጠቃሚዎቹ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ለጠበቃ ሰባራ ሳንቲም አልከፈሉም።

ድሉ ግን ሥራውን አበዛው እንጂ አልጨረሰውም። እያንዳንዱ ሰው ታሪኩን እንደገና ማስረዳት ነበረበትና ጉዳዩ ለዓመታት ተንጠለጠለ። በ1997 የወጣ ሕግ ከነዚሁ ለብዙዎቹ የቋሚ ነዋሪነት በር ከፈተ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1996፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ለድሆች የሕግ አገልግሎት ከፌዴራል ኮርፖሬሽኑ ገንዘብ የሚያገኙ ቢሮዎች በእንዲህ ዓይነት የቡድን ክስ እንዳይሳተፉ ከልክሎ ነበር።