ሜዳሊያውና ወንበሩ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና ከሥሩ እንጀምር። አሜሪካ ውስጥ የፕሬዚዳንት ምርጫ በመጣ ቁጥር ሳይነሳ የማያልፍ ጥያቄ አለ፤ «ለመሆኑ ሰውዬው ዘምቷል ወይ?» የሚል። ከሱ ተከትሎ ሁለተኛው ይመጣል፤ «ጠባዩስ እንዴት ነው?» የሀገሪቱ ሕገ መንግሥት ግን ሁለቱንም አይጠይቅም። ዕጩው በትውልድ አሜሪካዊ ይሁን፣ 35 ዓመት ይሙላው፣ በሀገሪቱ 14 ዓመት የኖረ ይሁን፤ በቃ።

ታዲያ ጥያቄው ከየት መጣ? ያው ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱን የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ያደርገዋል። እኛ ዘንድ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይሄን ሥልጣን የሰጠው ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለሆነ «ፕሬዚዳንት» የሚለው ቃል ያን ያህል አያስፈራም። እዚያ ግን የዝመት ትእዛዙ የሚወጣው ከዚያ ወንበር ነው። «ልጄን ወደ ሞት የሚልክ ሰው እሱስ ሞትን አይቶት ያውቃል?» ብላ የምትጠይቅ እናት ታዲያ ምን አጠፋች?

(የአሜሪካውን ታሪክ በነሱው አቆጣጠር እንሂድበት።) ከጆርጅ ዋሽንግተን እስከ አይዘንሃወር ድረስ የጄኔራልነት ማዕረግ የነበራቸው ፕሬዚዳንቶች 12 ናቸው። ወደኛ ዘመን ሲቀርብ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በ1992 አውሮፕላናቸው ተመትቶ ከፓሲፊክ ባሕር በሕይወት የወጡትን ትልቁን ቡሽ፣ ቬትናም ያልዘመቱት ክሊንተን አሸነፏቸው። በ1996 ጣሊያን ግንባር ላይ ክፉኛ የቆሰሉት ቦብ ዶልም በኚሁ ሰው ተረቱ። በ2004 ከቬትናም ሜዳሊያ ይዘው የተመለሱት ጆን ኬሪ፣ የቬትናሙን ዘመን በሀገር ውስጥ የአየር ብሔራዊ ዘብ ባሳለፉት በትንሹ ቡሽ ተሸነፉ። እንዲያውም ሌሎች የቬትናም ዘማቾች በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ወጥተው «ሜዳሊያው አይገባውም» እስከማለት ደረሱ። በ2008 ደግሞ አምስት ዓመት ተኩል በሃኖይ የታሰሩት ጆን ማኬይን መለዮ ለብሰው በማያውቁት ኦባማ ተሸነፉ። እንግዲህ ሕዝቡ ዘማቹን ያከብራል፤ ድምፁን የሚሰጠው ግን ሌላ ነገር አይቶ ነው ማለት ነው።

የጦር ሜዳ አገልግሎት ምንም አያሳይም ማለት ግፍ ነው። ድፍረትን ያሳያል፤ ችግር መቻልንም ያሳያል። ግን ወታደር የሚያዘው መታዘዝ ግዴታው የሆነውን ሰው ነው። በካምፕ «ቀኝ ኋላ ዙር!» ሲባል ሻለቃው በሙሉ ይዞራል። ኮንግረሱ፣ ፍርድ ቤቱና ጋዜጣው ግን በ«ቀኝ ኋላ ዙር» አይዞሩም። እነሱን ማግባባት ሌላ ሙያ ነው።

ለዚህ እንደ ዩሊሲስ ግራንት ያለ ምሳሌ የለም። የእርስ በርስ ጦርነቱን ለሰሜኑ ያሸነፉ ጄኔራል ናቸው። ከ1869 እስከ 1877 ፕሬዚዳንት ሆነው ነፃ የወጡትን ጥቁሮች ከኩ ክላክስ ክላን ለመከላከል የወሰዱት እርምጃ ዛሬም ይመሰገናል። የራሳቸውም እጅ ንጹሕ ነበር። ችግሩ ወዲህ ነው፤ በጦር ሜዳ ጓድን አለመክዳት ትልቁ ምግባር ነው፤ ይሄው ምግባር ዋይት ሐውስ ሲገባ ጉድ አፈላ። በ1875 የውስኪ ቀረጥ የሚሰርቁ ነጋዴዎችና ሹማምንት ሲጋለጡ፣ ከተከሰሱት አንዱ የጦር ሜዳ ባልደረባቸውና የቅርብ ጸሐፊያቸው ኦርቪል ባብኮክ ነበሩ። ግራንት ቃላቸውን ሰጥተው ተከላከሉላቸው፤ ሰውዬውም ነፃ ወጡ። በ1876 ደግሞ የጦር ሚኒስትሩ ዊልያም ቤልክናፕ በጉቦ ተጠርጥረው ሊከሰሱ ሲሉ በጠዋት ሮጠው ሥልጣናቸውን ለግራንት አስረከቡ። ግራንትም ወዲያው ተቀበሏቸው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት በተግባር የሚኖሩ ሰዎች እኚህን የዋህ ጀግና ከበዋቸው ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ 1864 መለስ እንበል። ጦርነቱ እንደተፋፋመ ምርጫ ደረሰ። በአንድ በኩል ወታደሩ እንደ አባት ይወዳቸው የነበሩት ጄኔራል ጆርጅ ማክሌላን ቀረቡ። በሌላ በኩል አብርሃም ሊንከን። ሊንከን በወጣትነታቸው በ1832 ለጥቂት ወራት ከሚሊሻ ጋር ዘምተዋል፤ ጠላት ግን አላጋጠማቸውም። በኋላ በኮንግረስ ስለዚያ ዘመቻ ሲናገሩ የተዋጉት ከወባ ትንኝ ጋር እንደነበር እየቀለዱ ነው። ማክሌላን ሠራዊት በማደራጀት የሚተካከላቸው አልነበረም፤ ግን ወደፊት ግፉ ሲባሉ ያመነታሉ። ሊንከን በ1862 ከአዛዥነት አንስተዋቸዋል። የምርጫው ውጤት የሚገርም ነው፤ ወታደሩ ራሱ በብዛት ድምፁን የሰጠው ለጄኔራሉ ሳይሆን ለሊንከን ነበር። ለካ ዘማቹም ቢሆን የሚፈልገው እንደሱ የዘመተን ሰው ሳይሆን፣ ደሙን በከንቱ የማያስቀርበትን ሰው ኖሯል።

«እንግዲያው ጠባይ ይበቃል» እንበል? እሱም ብቻውን አይበቃም። ጂሚ ካርተርን እናስታውስ። የባሕር ኃይል መኮንን የነበሩ፣ በቅንነታቸው ጠላት እንኳ የማይጠረጥራቸው ሰው ናቸው። እኛም እናውቃቸዋለን፤ በ1977 በሰብአዊ መብት ረገጣ ምክንያት ለደርግ የሚሰጠውን ወታደራዊ እርዳታ የቀነሱት እሳቸው ናቸው፤ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላም በ1989 የኢትዮጵያን መንግሥትና ሻዕቢያን አትላንታ ላይ አቀራርበው አነጋግረዋል። ግን በኑሮ ውድነትና በቴህራን በታገቱት አሜሪካውያን ጉዳይ ተወጥረው በ1980 ምርጫ በሬገን ተሸነፉ። ደግ ሰው መሆን አንድ ነገር ነው፤ መንግሥት ማስኬድ ሌላ።

ታዲያ ምኑን እንመዝን? እኔ እንደሚመስለኝ ለዚያ ወንበር የሚያስፈልገው ጠባይ አንድ ነው፤ ከራስ ጥቅም ጋር ሲጋጭም እንኳ ሥልጣን የራስ ንብረት አለመሆኑን ማወቅ። ዋሽንግተንን ታላቅ ያሰኛቸው ድሉ ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 1783 አናፖሊስ ላይ የጦር አዛዥነታቸውን ለኮንግረስ አስረክበው ወደ እርሻቸው ሄዱ። በ1797ም ማንም ሕግ ሳያስገድዳቸው ከሁለት ዘመን በኋላ በቃኝ አሉ። ሊንከን በነሐሴ 1864 የሚሸነፉ መስሏቸው ሳለ፣ አዲስ ከሚመረጠው ሰው ጋር ተባብረው ሀገሪቱን ለማዳን እንደሚሠሩ ጽፈው፣ ወረቀቱን አጥፈው ሚኒስትሮቻቸውን ሳያነቡት አስፈረሙ። ማኬይንም በ2008 ከደጋፊዎቻቸው አንዷ ኦባማን «አረብ ነው» ስትል ማይክሮፎኑን ተቀብለው፣ የማይስማሟቸው ቢሆንም ጨዋ የቤተሰብ ሰው መሆናቸውን ተናገሩ። ድምፅ እንደሚያስጥላቸው ሳያውቁት ቀርተው አይመስለኝም።

ይሄ ነገር ለኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ደርግ በ1967 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከፊት ያስቀደማቸው ጄኔራል አማን አንዶም «የበረሃው አንበሳ» የተባሉ ወታደር ነበሩ። የቀድሞዎቹን ባለሥልጣናት መግደሉን ተቃወሙ፤ የኤርትራውም ጉዳይ በሰላም ይለቅ አሉ። በዚያው ዓመት ኅዳር ተገደሉ። በኋላ ሥልጣኑን የጠቀለሉትና በ1980 ዓ.ም. ዋዜማ ፕሬዚዳንት የተባሉት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያምም ወታደር ነበሩ። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ያሉት እሳቸው፣ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. በአውሮፕላን ሲሄዱ ሠራዊቱ ገና ግንባር ላይ ነበር። መለዮው አንድ ዓይነት ነው፤ ሰዎቹ ለየቅል ናቸው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሕዝቡ «የቱ ይሻላል?» ተብሎ አለመጠየቁ ነው። ጠባይ የሚፈተነው ከልካይ ሲኖር ነው፤ ከልካይ ከሌለ ጠባዩ የሚታወቀው ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው።

ዛሬ አሜሪካ ሀገር ዜግነት ይዘው ድምፅ የሚሰጡ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ዕጩው ሜዳሊያውን ደርድሮ ሲመጣ «እናመሰግናለን» ይበሉት፤ ይገባዋል። ቀጥለው ግን ይጠይቁት፤ ተሸንፎ ያውቃል? ሲሸነፍስ ምን አደረገ? ወዳጁ ሲያጠፋ ምን አለ? እሺ የማይለው ሰው ሲገጥመውስ እንዴት ሆነ? እኛም ተራው የደረሰን ዕለት የምንጠይቀው ይሄንኑ ነው።