ስለ ጁራ ካንቶን አመሠራረትና ስለ ሕዝበ ውሳኔ

ሕዝበ ውሳኔ ማለት አንድ የመንግሥት ጉዳይ በእንደራሴዎች ምክር ብቻ ሳይወሰን ለሕዝቡ ቀርቦ፥ «ይሁን» ወይም «አይሁን» በሚል ድምፅ የሚፈጸምበት ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት አዘውትሮ በመገልገል የስዊስን አገር የሚተካከል አይገኝም። የሲዳማ ሕዝብ በ2019 በድምፁ የራሱን ክልል ለማቋቋም ስለ ወሰነ፥ ነገሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢም እንግዳ አይደለም። ነገር ግን በስዊስ የሚገኘው የጁራ ሕዝብ ጉዳይ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ የፈጀ ስለ ሆነ፥ ድምፅ መስጠት የአንድን አገር አከፋፈል እንዴት እንደሚለውጥ ከመነሻው ጀምሮ ለመመልከት ያመቻል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጁራ በስዊስ ሰሜናዊ ምዕራብ፥ በፈረንሳይ ወሰን አጠገብ የሚገኝ ተራራማ አገር ነው። ለብዙ ዘመናት የባዝል ጳጳስ እንደ መስፍን ሆኖ ይገዛው ነበር። በ16ኛው ምዕት ዓመት የሃይማኖት ተሐድሶ በተነሣ ጊዜ ደቡቡ በጎረቤቱ በበርን ተጽዕኖ ፕሮቴስታንት ሲሆን፥ ሰሜኑ በካቶሊክነቱ ጸና። የፈረንሳይ አብዮት የጳጳሱን አገዛዝ ካጠፋና ናፖሌዎንም ከወደቀ በኋላ፥ በ1815 የቪየና ጉባኤ አገሩን ለበርን ካንቶን ሰጠ። ሕዝቡን ግን ማንም አልጠየቀውም።

የበርን ሕዝብ በአብዛኛው ጀርመንኛ ተናጋሪና ፕሮቴስታንት ስለ ሆነ፥ የጁራ ሰባት ወረዳዎች ከአዲሱ ገዢያቸው ጋራ የነበራቸው ቅርበት አንድ ዐይነት አልነበረም። ፖራንትሩይ፥ ደሌሞንና ፍራንሽ ሞንታኝ የተባሉት የሰሜን ወረዳዎች በቋንቋም በሃይማኖትም ከበርን ይለያሉ። ሙቲዬ፥ ኩርትላሪና ላ ኔቭቪል የተባሉት የደቡብ ወረዳዎች ፈረንሳይኛ ቢናገሩም በሃይማኖት በርንን ይመስላሉ። ሰባተኛው ወረዳ ላውፈን ደግሞ ጀርመንኛ ተናጋሪና ካቶሊክ ነው። የኋለኛው ታሪክ መነሻው ይህ ልዩነት ነው።

በ1947 ዦርዥ ሞክሊ የተባለ የጁራ ተወላጅ የካንቶኑ መንግሥት አባል ሳለ የመንገድና የሕንፃ ሥራዎችን መሥሪያ ቤት እንዲይዝ ቢታሰብ፥ የበርን ምክር ቤት ይህን የመሰለውን ታላቅ መሥሪያ ቤት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሊይዘው አይገባም ብሎ ከለከለው። ከዚህ ቍጣ ሮላን ቤግለንን ከመሪዎቹ እንደ አንዱ አድርጎ መገንጠልን የሚጠይቅ ማኅበር ተነሣ። በርን በ1950 የጁራን ሕዝብ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ በስሙ ቢያውቀውም፥ ጥያቄው አልበረደም። በ1959 የጁራ ሕዝብ ስለ ነጻነቱ ይጠየቅ የሚለው አሳብ ለመላው ካንቶን ቀርቦ ወደቀ፤ የተቀበሉት ሦስቱ የሰሜን ወረዳዎች ብቻ ነበሩ። በ1960ዎቹ ዓመታት አንዳንድ ወጣቶች ቤት እስከ ማቃጠል ደረሱ።

በመጨረሻ የበርን መንግሥት ብልኀት ያለበት ሥርዓት አወጣ። በ1970 በሕዝብ ድምፅ በጸደቀው በዚህ ሕግ መሠረት፥ በመጀመሪያ ሰባቱ ወረዳዎች በአንድነት ይጠየቃሉ። ቀጥሎም ውጤቱን ያልወደደ ወረዳ፥ ከመራጮቹ አንድ አምስተኛው ከጠየቁ፥ ለብቻው ይመርጣል። በሦስተኛ ደረጃ በአዲሱ ወሰን ላይ የሚገኙ የመንደርና የከተማ ማኅበሮች እንደዚሁ ወገናቸውን ለመምረጥ ይችላሉ።

ጁን 23 ቀን 1974 በተደረገው ምርጫ 36,802 ሰዎች አዲስ ካንቶን ይቋቋም ሲሉ፥ 34,057 ተቃወሙ። በ1959 ያልተጠየቁት ሴቶች በ1971 የመምረጥ መብት አግኝተው ስለ ነበረ፥ በዚህ ቀን ድምፃቸውን ሰጥተዋል። በሰሜን ታላቅ ደስታ ሆነ፤ ደስታው ግን ሙሉ ሆኖ አልቈየም። በማርች 1975 ሦስቱ የደቡብ ወረዳዎች እንደ ገና ተጠይቀው ከበርን ጋራ ለመኖር ወሰኑ፤ ላውፈንም በዚያው ዓመት እንደዚሁ አደረገ። በወሰን ካሉት መንደሮች አንዳንዶቹ ወደ ሰሜን ተሻገሩ። ቤግለን ራሱ የደቡቡ የትራምላን ተወላጅ ነበርና፥ የታገለለት ካንቶን ሲመሠረት የትውልድ ስፍራው በበርን ቀረ። በ1978 የስዊስ ሕዝብና ካንቶኖቹ ሁሉ አዲሱን አባል በድምፅ ተቀበሉ፤ የጁራ ካንቶንም ደሌሞንን ዋና ከተማው አድርጎ ጃንዋሪ 1 ቀን 1979 ተመሠረተ።

ጁራ ከወጣ በኋላ ላውፈን ከተቀረው የበርን ግዛት ተቈርጦ ስለ ቀረ፥ ወደ ባዝል ገጠር ካንቶን መዛወር አለመዛወሩን ይመክር ጀመር። በ1983 ሕዝቡ መዛወሩን አልፈቀደም። ነገር ግን የበርን መንግሥት የደጋፊዎቹን ዘመቻ በስውር ገንዘብ እንደ ረዳ ስለ ተገለጠ፥ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ምርጫውን ሻረው። በ1989 ሕዝቡ እንደ ገና ሲጠየቅ መዛወሩን ተቀበለ፤ በ1994ም ተፈጸመ። ቬለራ የተባለችው ትንሽ መንደርም በ1996 ወደ ጁራ ተሻገረች።

ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረው የሙቲዬ ከተማ ጉዳይ ነው። ከተማው በ1975 በጥቂት ድምፅ ብልጫ በበርን ቀርቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የከተማው ምክር ቤት ምርጫ ስለ መንገድና ስለ ትምህርት ቤት የሚደረግ ክርክር ብቻ መሆኑ ቀርቶ፥ «በርን ወይስ ጁራ» የሚል ሆነ። የሶሻሊስቱ ፓርቲ እንኳ በደቡብ ጁራ በዚሁ ጥያቄ ለሁለት ተከፈለ። በ1980ዎቹ ዓመታት የጁራ ወገኖች የከተማውን አስተዳደር በምርጫ ያዙ። በ2013 መላው የደቡብ ጁራ ከሰሜኑ ጋራ ስለ መዋሐድ ተጠይቆ እንቢ ሲል፥ ሙቲዬ ብቻውን እሺ አለ። በ2017 ከተማው በ137 ድምፅ ብልጫ መዛወርን ቢመርጥም፥ በመራጮች መዝገብና በከተማው ሹማምንት ቅስቀሳ ጕድለት ተገኝቶ ምርጫው ተሻረ። ማርች 28 ቀን 2021 በተደረገው አዲስ ምርጫ 2,114 ሰዎች ሲደግፉ 1,740 ተቃወሙ፤ ሁለቱም ካንቶኖች በ2024 ስምምነቱን በየሕዝባቸው ድምፅ አጸደቁት።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፥ በሕዝበ ውሳኔ ከመልሱ አስቀድሞ የሚወስነው «የሚጠየቀው ሕዝብ ማን ነው?» የሚለው መሆኑን ነው። መላው በርን ሲጠየቅ ጁራ የራሱ ካንቶን አልነበረውም፤ ሰባቱ ወረዳዎች እንደ አንድ ሕዝብ ሲቈጠሩ አገኘው፤ እያንዳንዱ ወረዳ ለብቻው ሲቈጠር ግማሹን አጣው። እያንዳንዱ አቈጣጠር ለራሱ ፍትሐዊ ነበረ፤ ከእያንዳንዱም የወጣው አገር ግን ልዩ ልዩ ነው። የቋንቋ አንድነት ብቻውን ሕዝብን አንድ ያደርጋል ለሚሉ ሰዎችም፥ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ጁራ በጥንቱ የሃይማኖት ወሰን አጠገብ መከፈሉ ከባድ ምስክር ነው። ይህ ሁሉ ያለ ጦርነት መፈጸሙ የሥርዓቱ ታላቅ ጥቅም ነው፤ ዋጋውም የአንድ ቋንቋ ልጆች በሁለት ካንቶን መቅረታቸው ነው። በሐቅ ያልተገኘ ድምፅ ግን ነገሩን እንደማይዘጋው ላውፈንና ሙቲዬ ያስረዳሉ፤ ሁለቱም እንደ ገና እስኪጠየቁ ድረስ ክርክራቸው አላበቃምና።