እራት እየበሉ መፍረድ

በአሜሪካ ተመልካቹ እራቱን እየበላ ምስክር የሚጠይቅበት፣ በመጨረሻም እጅ አውጥቶ የሚፈርድበት ቴያትር አለ። ከሚቀርቡት አንዱ የሊዚ ቦርደን ችሎት ነው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 1892 በማሳቹሴትስ፣ ፎል ሪቨር ከተማ፣ ሀብታሙ አንድሩ ቦርደንና ሚስቱ አቢ በስለት ተጨፍጭፈው ተገደሉ። የአንድሩ ልጅ ሊዚ ተከሰሰች። ጠበቃዋ የቀድሞው አገረ ገዢ ጆርጅ ሮቢንሰን ነበር፤ ከሦስቱ ዳኞች አንዱን በሥልጣኑ ዘመን የሾመው እሱው ራሱ ነው! በጁን 1893 አሥራ ሁለት ወንዶች አንድ ሰዓት ተኩል ያህል መክረው በነጻ ለቀቋት። ሌላም የተፈረደበት የለም።

በዚያች ዕለት ግን የአየርላንድ ተወላጅ የሆነችው የቤት ሠራተኛ ብሪጅት ሳሊቫንም እዚያው ቤት ነበረች። እሷ ብትከሰስ ኖሮ ያን የመሰለ ጠበቃ ከየት ታመጣ ነበር? እራት በላተኛው «ገደለች ወይስ አልገደለችም?» እያለ ይዝናናል። እኛ ይህን ቴያትር ብንሠራው ለተመልካቹ የምናቀርበው የብሪጅትን ጥያቄ ነው።