ከሚጠኑት ወደሚያጠኑት፦ ደቡብ ኦሞና የሳይንስ ዶክትሬት ረጅሙ መንገድ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1967 በኦሞ ወንዝ አጠገብ፣ ኪቢሽ በሚባለው ስፍራ፣ በሪቻርድ ሊኪ የሚመራው የኬንያ የምርምር ቡድን ዛሬ ኦሞ 1 ተብሎ የሚታወቀውን የጥንታዊ ሰው አጽም አገኘ። በ2005 የታተመ ጥናት የአጽሙን ዕድሜ 195,000 ዓመት ገደማ መሆኑን አመለከተ፤ በ2022 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ የእሳተ ገሞራ አመድን በመመርመር ቢያንስ ወደ 230,000 ዓመት ከፍ አደረገው። አጽሙን በዓይናቸው ለይተው ያገኙት ኬንያዊው ካሞያ ኪሜው ሲሆኑ፣ የመደበኛ ትምህርታቸው ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ቦታው እስከ ዛሬ በሳይንሳዊ መዛግብት በስማቸው ይጠራል። የክብር ዶክትሬት ያገኙት ግን በ2021፣ ሊያርፉ አንድ ዓመት ሲቀራቸው ነበር።

ይህ ታሪክ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ በኢትዮጵያ ውስጥ እጅግ በብዛት ከተጠኑት ምድሮች አንዱ ነው። ቅሪተ አካሉ ተቆፍሯል፤ የሕዝቦቹ ባህል በበርካታ መጻሕፍት ተጽፏል፤ ደማቸው ተቀድቶ፣ ዘረመላቸው ተተንትኗል። በዚህ ሁሉ ጥናት ውስጥ የአካባቢው ተወላጅ ለረጅም ጊዜ የነበረው ድርሻ መንገድ መሪነት፣ አስተርጓሚነትና ናሙና ሰጪነት ነበር። ከእነዚህ ሕዝቦች የተገኘ ልጅ በሳይንስ እስከ ዶክትሬት ለመድረስ የሚያልፈው መንገድ ምን ይመስላል? መንገዱ የጠበበውስ የት ላይ ነው? ጥያቄው የትምህርት ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ በሽታን ማን ይመረምራል፣ በማን ቋንቋ ይጠይቃል የሚለው የጤና ጥያቄም ነውና።

አገሩና ሕዝቡ

ጂንካ ከአዲስ አበባ በመኪና 750 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከተማዋ ለረጅም ዘመን ማዕከል የሆነችለት ደቡብ ኦሞ 16 ብሔረሰቦች የሚኖሩበት ምድር ነው። ከእነዚህም መካከል አሪ፣ ማሌ፣ ሐመር፣ በና፣ ጸማይ፣ ኤርቦሬ፣ ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ካሮ፣ ሙርሲ፣ ቦዲ፣ ኩዌጉና ዲሜ ይገኙበታል። ቋንቋዎቻቸው የኦሞቲክ፣ የኩሺቲክና የናይሎ ሰሃራ ቤተሰቦች ናቸው። በ2007ቱ የሕዝብ ቆጠራ አሪዎች ወደ 290,000፣ ሙርሲዎች ወደ 7,500 ሲጠጉ፣ ካሮን የመሳሰሉት ደግሞ ከዚያም እጅግ ያነሱ ነበሩ። ደገኛው አሪ እንሰትና እህል ያመርታል፤ ቆላማው ሕዝብ ከብት ያረባል፤ ወንዙ ሲሞላና ሲጎድልም ዳርቻውን ሲያርስ ኖሯል። «አናሳ» የሚለው ቃል እዚህ አንድ ወጥ ትርጉም የለውም። በአገር ደረጃ ሁሉም አናሳ ናቸው፤ በዞን ደረጃ አንዱ ከሌላው ያንሳል፤ በአንዱ ብሔረሰብ ውስጥም ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ተብሎ የተገለለ ወገን አለ።

ስለዚህ መገለል ሳይንስ የሰጠው አንድ ምስክርነት አለ። የአሪ ቀጥቃጮች ከአራሾቹ የተለየ ጥንታዊ ዘር ያላቸው ናቸው የሚል ግምት ከዚህ ቀደም ይሰነዘር ነበር። በ2015 የታተመ የዘረመል ጥናት ግን ሁለቱ ወገኖች የጋራ አመጣጥ እንዳላቸውና በመካከላቸው የሚታየው ልዩነት በዋናነት ከጋብቻ መገለል የመጣ መሆኑን አሳየ። ልዩነቱን የፈጠረው መገለሉ እንጂ፣ መገለሉን የፈጠረው የዘር ልዩነት አልነበረም። እንዲህ ያለው ግኝት ለተገለሉት ሰዎች ያለውን ክብደት ከእነሱ ወገን የወጣ ተመራማሪ ቢኖር ማንም ሳይነግረው ይረዳው ነበር።

ሁለት ወረርሽኞች፣ አንድ ጥያቄ

ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ የኦሞን ተፋሰስ ጨምሮ፣ በአፍሪካ ታሪክ ከተመዘገቡት እጅግ ከባዱ የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ተቀሰቀሰ። የሟቾቹ ቁጥር ወደ 30,000 እንደሚደርስ ተገምቷል። ጥናቱን በዋናነት ያካሄዱት አዲስ አበባ በነበረው የፓስተር ተቋም የሚሠሩ የውጭ አገር ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ ውጤቱም በ1960ዎቹ መጨረሻ በዓለም አቀፍ መጽሔት ወጣ። በሽታው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ወደዚያው ምድር ተመለሰ። በ2013 በደቡብ ኦሞ ቢጫ ወባ መከሰቱ በላቦራቶሪ ተረጋገጠ፤ በሰኔ ወር ከ527,000 በላይ ሰዎችን ለመድረስ የታቀደ የክትባት ዘመቻ ተጀመረ። በዚህ ጊዜ የወረርሽኙን ምንጭና ትንኞቹን መርምረው ያሳተሙት ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ነበሩ። ማረጋገጫው ግን ዳካር ከሚገኘው የፓስተር ተቋም መምጣት ነበረበት።

በሁለቱ ወረርሽኞች መካከል ያለው ልዩነት ኢትዮጵያ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ያፈራችውን የሰው ኃይል ያሳያል። የቀረውን ርቀትም ያሳያል። ታማሚው ስለ ትኩሳቱ፣ ስለ ጫካው፣ ስለ ከብቱ እንቅስቃሴ የሚናገረው በአሪኛ ወይም በሐመርኛ ነው፤ ቃሉ ተመራማሪው ዘንድ የሚደርሰው ደግሞ በአስተርጓሚ በኩል ነው። በትርጉም መሐል የሚጠፋውን ነገር ማንም አይቆጥረውም።

ጠያቂው ማን እንደሆነ ለውጤቱ ምን ያህል እንደሚወስን የአክሊሉ ለማ ታሪክ ያስረዳል። አክሊሉ በ1964 በአድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በሽታ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ የሚገድል መድኃኒት ፍለጋ የተጀመረው ከዚህች ምልከታ ነው። እንዶድ በእናቱ ቤት ልብስ ሲታጠብበት ላደገ ተመራማሪ ባዕድ ነገር አልነበረም። በ1966 የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

መሰላሉ የሚሰበርበት ቦታ

በ1979 የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሲሰጥ፣ ከደቡብ ኦሞ ቋንቋዎች አንዱም አልነበረበትም። የ1994ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ በር ከፈተ፤ ለትንንሾቹ ቋንቋዎች ግን ፊደል መቅረጽ፣ መጽሐፍ ማዘጋጀትና መምህር ማሠልጠን እንደ ሕጉ ፈጥኖ የሚሆን ሥራ አልነበረም። አንድ የኛንጋቶም ልጅ በቤቱ ኛንጋቶምኛ፣ በከተማው አማርኛ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። ፊዚክስን የሚማረው በሦስተኛ ቋንቋው ነው። ከብቱ ግጦሽ ፍለጋ ሲንቀሳቀስ ቤተሰቡ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ትምህርት ቤቱ ግን ባለበት ይቀራል። ለሴት ልጅ ያለ ዕድሜ ጋብቻና የጥሎሽ ከብት ይጨመሩበታል።

ወደ ዶክትሬት የሚወስደው መሰላል ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ቢያንስ 20 ዓመት ይፈጃል። በአንደኛ ደረጃ፣ በሁለተኛ ደረጃ፣ በመጀመሪያ ዲግሪና በማስተርስ መጨረሻ ላይ ከተማሪዎቹ ግማሽ ግማሹ ቢቀር፣ ከ16 ጀማሪዎች የዶክትሬት ደጃፍ የሚደርሰው አንድ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ደረጃ ከአራት ሦስቱ ቢቀሩ ደግሞ አንዱን ለማግኘት 256 ልጆች ያስፈልጋሉ። በሺህዎች ብቻ ለሚቆጠር ሕዝብ ይህ ስሌት ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው።

መንግሥት ችግሩን አልዘነጋውም። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 89 በዕድገት ወደ ኋላ ለቀሩ ብሔረሰቦች ልዩ ድጋፍ እንዲደረግ ይደነግጋል። ለታዳጊ ክልሎችና ለአርብቶ አደር አካባቢ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ዝቅ እንዲል ሲደረግም ቆይቷል። ይህ ድጋፍ ብዙዎችን አስገብቷል። ነገር ግን ድጋፉ በአብዛኛው የሚያበቃው በሩ ላይ ነው። ከበሩ ወዲያ ተማሪው ከሌላው እኩል ይፈተናል፤ በደከመ መሠረት የጀመረውን ክፍተት የሚሞላለት አያገኝም።

የኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት አሠራር ደግሞ ለዚህ ተማሪ አንድ ሌላ እንቅፋት አለው። ወደ ዶክትሬት የሚሄዱት በብዛት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው፤ መምህር ሆኖ የሚቀረው በከፍተኛ ነጥብ የተመረቀ ነው። የመጀመሪያው ዓመት በቋንቋና በሒሳብ ያንገዳገደው ተማሪ፣ በመጨረሻ ቢበረታም እንኳ፣ አማካይ ነጥቡ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። በሩ ሲከፈትለት የተሰጠው እርዳታ ሁለተኛው በር ላይ ይከዳዋል።

መንገዱ ሲከፈት እንዴት ተከፈተ?

ድጋፍ እስከ ዶክትሬት ሲዘልቅ ምን እንደሚያፈራ ያሳየው ያው የኦሞ ሸለቆ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በሸለቆው የሠሩት ታላላቅ የቅሪተ አካል ቡድኖች የሚመሩት በአሜሪካውያን፣ በፈረንሳውያንና በኬንያውያን ነበር። ኋላ ብርሃኔ አስፋው በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1988 ዶክትሬታቸውን አገኙ፤ ወደ አገራቸው ተመልሰውም በመሩት አገር አቀፍ ቆጠራ በደቡብ ኦሞ የፈጀጅን ጥንታዊ ስፍራ ለሳይንስ አስተዋወቁ። ዘርዐሰናይ ዓለምሰገድም በ1998 በፓሪስ ያጠናቀቁት የዶክትሬት ጥናት የኦሞ ሹንጉራን ጥንታዊ ሥነ ምኅዳር የሚመለከት ነበር። ሁለቱም የደቡብ ኦሞ ተወላጆች አይደሉም፤ ነገር ግን ከእነሱ ስኬት ጀርባ መምህር፣ ገንዘብ፣ የመስክ ልምምድና የሚመለሱበት ቦታ በአንድነት ነበሩ።

በጤናው መስክም ተመሳሳይ ልምድ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት በ1978፣ የዶክትሬት መርሐ ግብር ደግሞ በ1987 ጀመረ። በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ኢትዮጵያውያን ከውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በጥምረት የሚማሩበትን መንገድ ካደላደሉት አንዱ ነው። በ2010ዎቹ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲና ሌሎች የደቡብ ዩኒቨርሲቲዎች ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው በሕዝብ ጤና ዶክተሮችን ሲያሠለጥኑ፣ የሴቶች ተሳትፎ ከፍ እንዲል ከመነሻው በዓላማ ይዘው ነበር። ተማሪው ከአገሩ ሳይነቀል፣ ጥናቱን በሚያውቀው ሕዝብ መካከል ያካሂዳል።

ከባሕር ማዶ ደግሞ በሜሪላንድ ባልቲሞር በ1988 የተመሠረተው የማየርሆፍ የነፃ ትምህርት ዕድል ይጠቀሳል። በሳይንስና በምሕንድስና የጥቁር አሜሪካውያን ዶክተሮች ቁጥር አነስተኛ መሆኑ ያሳሰባቸው መሥራቾቹ በ1989 በ19 ተማሪዎች ጀመሩ። ገንዘብ መስጠት ብቻ እንደማይበቃ ገና ሲጀመር ያውቁ ነበር። ተማሪዎቹ ትምህርት ሳይጀመር በክረምት አብረው ይሰናዳሉ፤ በቡድን ይኖራሉ፣ በቡድን ያጠናሉ፤ ከመጀመሪያ ዓመታቸው ጀምሮ ላቦራቶሪ ይገባሉ፤ እያንዳንዳቸው አማካሪ አላቸው። ከዚሁ መርሐ ግብር የወጡት ኪዝሜኪያ ኮርቤት በ2014 ዶክትሬታቸውን አግኝተው፣ በ2020 የኮቪድ ክትባትን ካበለጸጉት ሳይንቲስቶች አንዷ ሆነዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአገራችን ብሂል የዚህን አሠራር ምሥጢር አስቀድሞ ተናግሯል።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

የጤናው ዘርፍ ከአካባቢው ሰው የመምረጥን ጥቅም ያውቃል። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ሠራተኞቹን ከሚያገለግሉት ኅብረተሰብ መለመለ፤ በአርብቶ አደር አካባቢዎችም የትምህርት መስፈርቱን እንደ ሁኔታው አሻሻለ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው የሚታመን ምክር ይሰጣል። የጎደለው የመሰላሉ ቀጣይ ደረጃ ነው። ከጤና ኬላ ወደ ነርስነት፣ ከነርስነት ወደ ጤና መኮንንነት፣ ከዚያም ወደ ተመራማሪነት የሚያሸጋግር፣ በአገልግሎት ላይ እያሉ የሚማሩበት መንገድ ከተዘረጋ፣ በመመረቂያ ነጥብ ብቻ የሚዘጋው በር በሌላ በኩል ሊከፈት ይችላል።

ለዚህ የሚሆን መነሻ በጂንካ አለ። በ1990ዎቹ የተመሠረተው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም የሕዝቦቹን ቅርስና ዕውቀት ይዟል። የጂንካ ዩኒቨርሲቲም በ2018 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ተቀብሏል፤ የአካባቢው ልጅ ለዲግሪ የግድ ከአገሩ መራቅ የነበረበት ዘመን አብቅቷል። ቀጥሎ የሚያስፈልገው በብዛት ውድ አይደለም፦ ለአዲስ ገቢዎች በቋንቋና በሒሳብ የክረምት ዝግጅት፤ ከአንድ ብሔረሰብ አንድ ተማሪን ብቻውን ከመላክ ይልቅ በቡድን ማስገባት፤ በአካባቢው የሚካሄድ ማንኛውም የጤና ጥናት ቢያንስ አንድ የአካባቢ ተወላጅ ተማሪን እንዲያሠለጥን በሥነ ምግባር ፈቃድ ጊዜ መጠየቅ፤ አስተርጓሚው ከሙያው ጋር የሚመጣጠን ዕውቅናና የመማር ዕድል እንዲያገኝ ማድረግ።

ካሞያ ኪሜው አጽሙን ያገኙት ከማንም በተሻለ መሬቱን ማንበብ ስለሚችሉ ነበር። በደቡብ ኦሞም ዛሬ መሬቱን፣ ከብቱን፣ ትንኙንና የታማሚውን ቃል የሚያነቡ ልጆች አሉ። የእነዚህ ልጆች ዕውቀት ለአገር የሚበጀው ጥያቄውን ራሳቸው ሲጠይቁበትና መልሱን በስማቸው ሲጽፉት ነው። ለዚያም በበሩ የሚያስገባቸው ብቻ ሳይሆን፣ እስከ መጨረሻው ደረጃ አብሯቸው የሚወጣ ሰው ያስፈልጋቸዋል።