ብራዚል፥ ከጅጅጋ ሆኖ ሲታሰብ

በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የምዕራብ አፍሪካን አገሮች ጎብኝተው፥ ውቅያኖሱንም ተሻግረው፥ የብራዚል መንግሥት እንግዳ ሆነው ሳሉ የክብር ዘበኛ ሠራዊት በአዲስ አበባ መንግሥቱን ያዘ። ቀኑ ታኅሣሥ 4 ነበር። የጦሩ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ሲሆኑ፥ የአሳቡ መሪ ግን ታናሽ ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። ግርማሜም በዚያን ጊዜ የጅጅጋ አውራጃ ገዥ ነበሩ። በአሜሪካ ተምረው፥ በኬንያ ስለ ነጮች የመሬት ይዞታ ጥናት ጽፈው የተመለሱ ሰው ሲሆኑ፥ በወላሞ ገዥነታቸው መሬት ለሌለው ሰው መሬት ስለ ሰጡ ባለርስቶች ከሰሷቸው፤ ከዚያም ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ። ከርስተኛ አገር አንሥቶ ወደ ዘላን አገር መላክ ጸጥ ያሰኛቸዋል ተብሎ ታስቦ ከሆነ አሳቡ አልሠራም። ጃንሆይ ታኅሣሥ 8 ቀን አዲስ አበባ ገቡ፤ ግርማሜ ታኅሣሥ 15 ቀን ሞቱ፤ ጄኔራሉም መጋቢት 21 ቀን ተሰቀሉ።

ስለዚህ አድማ ብዙ ተጽፏል። ጃንሆይ በዚያ ሰዓት የነበሩበት አገር ምን ዓይነት አገር እንደ ሆነ ግን የጠየቀ ጥቂት ነው። እኛ ጥቂት እንናገራለን። የብራዚል ዘመናት የተጻፉት በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ብራዚል ከደቡብ አሜሪካ አገሮች ሁሉ የሰፋች ናት። ስፋቷ 8.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ኢትዮጵያን ከሰባት ጊዜ በላይ ትበልጣለች። በ2022 በተደረገው ቈጠራ 203 ሚሊዮን ሕዝብ ተገኝቶባታል። በ1822 ከፖርቱጋል ተለይታ በንጉሥ፥ ከ1889 ወዲህ ደግሞ በሪፐብሊክ ትተዳደራለች። ርእሰ ከተማዋን ሁለት ጊዜ ለውጣለች፤ መጀመሪያ ሳልቫዶር፥ ከ1763 ጀምሮ ሪዮ ዴ ጃኔሮ፥ ከሚያዝያ 1960 ወዲህ ብራዚሊያ ናት። ጃንሆይ በሄዱበት ጊዜ ብራዚሊያ ከተመረቀች ስምንት ወር እንኳ አልሞላትም ነበር።

ፖርቱጋሎች ለኛ ሰው አዲስ አይደሉም። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ከሐረር ተነሥተው ደጋውን በያዙ ጊዜ በሠራዊታቸው ውስጥ ብዙ ሶማሌዎች እንደ ነበሩ ዐረብ ፈቂህ ጽፎልናል። ይህን ሠራዊት ለመውጋት 400 ያህል ፖርቱጋሎች ከክሪስቶቮ ዳ ጋማ ጋር ከምጽዋ የተነሡት በ1541 ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ፥ በ1549፥ የዚያው ንጉሥ ሰዎች በብራዚል ጠረፍ ሳልቫዶርን ቈረቈሩ። እዚህ መጥተው አልሰነበቱም፤ እዚያ ግን ቋንቋቸውንና ሃይማኖታቸውን ተከሉ።

የተከሉት በባዶ መሬት አልነበረም፤ በሰው እጅም ነው እንጂ በራሳቸው እጅ አልነበረም። አገሬው ከተመናመነ በኋላ ለሸንኮራ አገዳው፥ ለወርቁና ለቡናው ሥራ ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጉ አፍሪካውያን በባርነት ተጋዙ። ባርነት የቀረው በ1888 ሲሆን፥ ይህም ከአሜሪካ አገሮች ሁሉ መጨረሻ ነው። ዛሬ የብራዚል ባህል እየተባለ የሚደነቀው፥ ሳምባ የሚባለው ዘፈን፥ ካፖኤይራ የሚባለው ትግልና ጭፈራ የተቀላቀለበት ጨዋታ፥ ካንዶምብሌ የሚባለው እምነት፥ ከእነዚህ ሰዎች ወገን የመጣ ነው። ጊልቤርቶ ፍሬይሬ የተባለው ሊቅ በ1933 ባሳተመው መጽሐፍ የዘር መቀላቀሉን አወድሶ ጽፏል፤ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ግን ውዳሴው የጅራፉን ድምፅ ሸፍኖታል ብለው ነቅፈውታል፤ ነቀፌታውም ትክክል ይመስለናል።

ለጅጅጋ ሰው ልብ ቅርብ የሚሆነው በጥር 1835 በሳልቫዶር የተነሣው ዐመፅ ነው። ያነሡት ማሌ የሚባሉ ሙስሊሞች አፍሪካውያን ነበሩ፤ ወሩም ረመዳን ነበር። ዐመፁ በአንድ ሌሊት ተደመሰሰ። ፖሊሶች ቤት ለቤት ሲፈትሹ በዐረብኛ የተጻፉ ወረቀቶችና ልጆች ቁርኣን የሚማሩበትን የመሰለ የእንጨት ሉህ አገኙ። በጅጅጋ የቁርኣን ቤት ደጃፍ ያለፈ ሰው ይህን ሉህ ያውቀዋል።

ወደ ቡናው እንመለስ። የኢትዮጵያ ቡና ወደ የመን ተሻገረ፤ ከየመን በሆላንዶችና በፈረንሳዮች እጅ ወደ አሜሪካ ደሴቶችና ወደ ጊያና ደረሰ። በ1727 ፍራንሲስኮ ዴ ሜሎ ፓሌታ የተባለ መኰንን ከፈረንሳይ ጊያና ዘሩን ወደ ብራዚል አስገባ። ከመቶ ዓመት በኋላ ብራዚል በዓለም ቀዳሚ ሆነች፤ ዛሬም ከዓለም ቡና ሲሶው ያህል የርሷ ነው። በ1930ዎቹ ዋጋ ሲወድቅ ከ70 ሚሊዮን ጆንያ በላይ ቡና አቃጥላለች።

ይህ ለሐረርጌ ገበሬ ምን ማለት እንደ ሆነ በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ ታየ። በፓራና አውራጃ የወደቀው ውርጭ የቡናውን ተክል አነደደው፤ ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ከ3 ዶላር አለፈ። ለኢትዮጵያ ዋናው የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ቡና ነበርና፥ ዋጋው በከፍታው ላይ ሳለ ነው የሶማሊያ ጦር የገባው፤ ጅጅጋም መስከረም 2 ቀን 1970 ዓ.ም. ተያዘች፤ የካቲት 26 ቀን ተመለሰች። ውርጩና ጦርነቱ አንዱ የሌላው ምክንያት አይደሉም፤ ነገር ግን መንግሥት ጥይት በሚገዛበት ዓመት የቡና ዋጋ መክበዱ የሚናቅ ጉዳይ አይደለም።

አጠጣጡም ይለያያል። ብራዚላዊ ጥቁር ቡና በትንሽ ስኒ፥ ስኳር አብዝቶ ይጠጣል፤ ካፌዚንዮ ይለዋል። በጅጅጋ ግን ገለፈቱ ከወተት ጋር ይፈላና ሆጃ ይሆናል፤ ፍሬውም ከነልባሱ በቅቤ ተጠብሶ በጸሎትና በደስታ ጊዜ ይቀርባል፤ ቅቤውን ጠጉር ይቀቡታል።

ዋጋውን በሩቅ አገር ውርጭና ዝናብ የሚወስንበት የሐረርጌ ገበሬ ግን በብዙ ቦታ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተክሏል። ጫት በየቀኑ ይሸጣል፤ የብራዚልን ሰማይ አይጠብቅም። ጥንት ሐረርን ከበርበራ ጋር ያገናኝ በነበረው መንገድ አሁን ከአወዳይ የተነሡ የጫት መኪናዎች የካራማራን ተራራ ተሻግረው፥ በጅጅጋ አልፈው ወደ ቶጎ ውጫሌ ይሮጣሉ።