ባለብዙ ቦይ የሴራሚክ ማጣሪያ

ይህ ርዝመቱን ሙሉ ጠባብ ቦዮች የሚያልፉበት ነጭ በትር፥ ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ተለውሶ፥ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ እሳት የተተኮሰ የሴራሚክ ማጣሪያ ነው። የትውልዱ ሐረግ ሲመረመር መነሻው ውሃ አልነበረም፤ የፈረንሳይ ሊቃውንት ዩራኒየምን በጋዝነቱ ለማበልጸግ ያበጁት ባለረቂቅ ቀዳዳ ግድግዳ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፈሳሽን ወደ ማጣራት ግብር ተዛወረ፤ ለአቶም ኃይል የተደከመበት ጥበብ የረከሰ ውሃን ለማንጻት መዋሉም በእውነት ደስ የሚያሰኝ ነው።

በዘይትና በደለል የተበከለው የፋብሪካ ፍሳሽ በግፊት ተነድቶ በቦዮቹ ውስጥ ሲገሠግሥ፥ ንጹሑ ክፍል ስፋታቸው 0.1 ማይክሮሜትር፥ ይኸውም የሚሊሜትር አሥር ሺኛ እጅ ያህል በሆኑት ቀዳዳዎች ወደ ውጭ ይሰርጋል፤ የዘይቱ ጠብታ፥ ደለሉና አብዛኛው ባክቴሪያ ግን በዚያው በቦዩ ውስጥ ይቀራሉ፤ ፍሰቱም ግድግዳውን እየታከከ ጎን ለጎን ስለሚያልፍ፥ ዝቃጩ በቶሎ እንዳይጋገር እያጠበ ይወስደዋል።

ከፕላስቲክ ዘር የሆኑት ማጣሪያዎች የማይታገሡትን ሙቀት፥ አሲድና ኮስቲክ ሶዳ ስለሚችል፥ በተደፈነ ጊዜ በእነዚሁ ታጥቦ ወደ አገልግሎቱ ይመለሳል። ዋጋው ውድ፥ ጠባዩም ተሰባሪ ነው፤ የሟሟ ጨውንም ስለማያስቀር፥ ጨዋማ ፍሳሽ ከዚህ በኋላ በሌላ ረቂቅ ማጣሪያ እንዲያልፍ ይደረጋል።