የስፒኔት ፒያኖ ክርኖች

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻችን አሮጌ ፒያኖዎችን ከመጣል ስላዳኑ ትንንሽ የእጅ መሣሪያዎች ነው። ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

በ1909 አሜሪካ ከ300 ሺህ በላይ ፒያኖ አምርታለች። ከዚያ ሸክላና ሬዲዮ መጡ፤ ከ1929 በኋላ ኢኮኖሚው ሲወድቅ የፒያኖ ገበያም አብሮ ወደቀ። ፋብሪካዎቹ በ1930ዎቹ አጋማሽ መላ አገኙ፦ ስፒኔት። ቁመቱ 1 ሜትር ገደማ፣ ዋጋው ቀለል ያለ፣ ለጠባብ ቤት የሚሆን ፒያኖ።

ፒያኖው ሲያጥር ግን መዶሻዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ከቁልፎቹ በታች ወረደ። ጣት ቁልፉን ሲጫን የኋላው ጫፍ ቀና ይልና ቀጭን ሽቦ ወደ ላይ ይስባል፤ የሽቦው ግርጌ የተሰካው ክርን በሚባል ትንሽ መገጣጠሚያ ላይ ነው። 88 ቁልፍ፣ 88 ክርን። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ፋብሪካዎች ይህን ክርን ከፕላስቲክ ሠሩት።

ፕላስቲኩ ከዓመታት በኋላ ደርቆ እንደ ብስኩት ይፈረፈር ጀመር። አንዱ ሲሰበር አንድ ድምፅ ይጠፋል፤ ሌሎቹም እድሜያቸው እኩል ነውና ብዙ አይቆዩም። ስለዚህ ልምድ ያለው ጠጋኝ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይቀይራል።

ሥራው ትዕግሥት ይፈትናል። ክርኑን የያዘችው የብረት ዘንግ ውፍረቷ 1.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በመዶሻ ቢመቷት የገባችበት እንጨት ይሰነጠቃል። ለዚህ የተሠራው የእጅ መሣሪያ እንደ ፒንሳ ተጨብጦ በቀጭን ጫፉ ዘንጓን በቀስታ ገፍቶ ያስወጣል። ኋላ የመጣው ተጭኖ የሚገባ ክርን ደግሞ ይህንንም ድካም አስቀረ፦ አሮጌው ፕላስቲክ በፒንሳ ተሰብሮ ይነሳል፣ ዘንጓ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ አዲሱ ቀጭ ብሎ ይገባባታል። ይህን ያሰበው ሰው የጠጋኝ እጅ የት ላይ እንደሚደክም በደንብ ያውቅ ነበር። ያም ሆኖ ክርኑ በሽቦው ጥርስ ላይ የሚገባበት ልክ ከተዛባ ቁልፉ ይላላል፣ ወይም መዶሻው ወደ ቦታው አይመለስም።

ስመ ጥሩው የፒያኖ ፋብሪካ ስታይንዌይም ከፕላስቲክ ፈተና አላመለጠም። በ1962 በፒያኖዎቹ መገጣጠሚያዎች ውስጥ ያለውን ጨርቅ ቴፍሎን በሚባል ፕላስቲክ ተካ፤ እንጨቱ በእርጥበት ሲያብጥና ሲኮማተር ቴፍሎኑ አብሮት ስለማይለወጥ ኳኳታ መጣ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፋብሪካው ወደ ጨርቁ ተመለሰ።

አሜሪካ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ ለልጆቻችሁ አሮጌ ስፒኔት በነፃ ሲሰጣችሁ ከመጫናችሁ በፊት ክርኖቹን በባለሙያ አስመርምሩ። የተሰበረው ክርን ብቻ ከሆነ ግን ፒያኖውን አትጣሉት፤ ይጠገናል።